ከአገር ቤት እንግዳ ይዛችሁ ፔብል ቢች ለምትሄዱ

አጎቴ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ የገቡት በሐምሌ መጨረሻ ነው። በርበሬውና ሽሮው ከሻንጣ ሳይወጣ፣ ቡናው ሳይፈላ፣ "ያ ባሕር ዳር ያለው የጎልፍ ሜዳ ከዚህ ሩቅ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የሳን ፍራንሲስኮን ቀይ ድልድይ ነው፤ ካልሆነም ገበያ ነው። ጎልፍ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ በልጅነታቸው፣ ዛሬ አሮጌው ኤርፖርት በምንለው ሰፈር ባለው የጎልፍ ሜዳ ለፈረንጆች ዱላ ይሸከሙ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ሮጠው ይሄዱና ከሌሎች ልጆች ጋር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የተመረጠ ልጅ የሰውየውን ከረጢት ተሸክሞ ሜዳውን ይዞርና በሚያገኛት ሳንቲም ደብተርና እርሳስ ይገዛል። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር ሰጣቸው። ከገጾቹ በአንዱ ላይ ወደ ባሕር የወጣ ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ጫፍ ላይ ክብ ሣር፣ ሣሩ ላይ አንዲት ትንሽ ባንዲራ አለች። ገጹን ገንጥለው ከአልጋቸው በላይ ለጠፉት። የቦታውን ስም ያወቁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፔብል ቢች፣ ሰባተኛው ቀዳዳ። (የጎልፍ ሜዳ በየክፍሉ የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ኳሷ በምትገባበት ቀዳዳ ስለሚያልቅ ክፍሉም ቀዳዳ ይባላል።)

እኔ 12 ዓመት ሳን ሆዜ ስኖር ሄጄ አላውቅም ነበር። ቦታው ከቤቴ 120 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ያልሄድኩት ለሀብታም ብቻ የተሠራ፣ በር ላይ ዘበኛ ቆሞ የሚመልሰን ስለሚመስለኝ ነው። እንደኔ የሚያስቡ ብዙ አበሾች አውቃለሁ። እንግዳ ሲመጣባቸው ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያ አዳራሽ ያመላልሱታል፤ እንግዳውም አሜሪካን በመኪና ማቆሚያ አይቶ ይመለሳል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሁለት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያው ጉዞ አልሆነልንም፤ ከእሱ ልጀምር።

የሄድነው በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ሳን ሆዜ 32 ዲግሪ ነበር። አጎቴ ስስ ሸሚዝ ለብሰው ሲወጡ ጃኬት ይያዙ ብላቸው፣ "ባሕር አይደል የምንሄደው? ምጽዋን አውቃታለሁ እኮ" አሉኝ። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና እየነዱ ምጽዋ ይመላለሱ ነበርና ባሕር ሲባል እሳቸው የሚያውቁት ላብ የሚያሰምጥ ሙቀት ነው። እኔም አልተከራከርኩም። በ101 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወረድን። ጊልሮይ ስንደርስ በተዘጋ መስኮት እንኳ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ገባ፤ ከተማዋ የምትታወቀው በእሱ ነው። ከዚያ በ156 ታጥፈን ካስትሮቪል ስንደርስ ሰማዩ ጠፋ። የመኪናው መለኪያ 15 ዲግሪ አሳየ። አጎቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን አወጡና፣ "ይሄ የጣርማ በር ጉም ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነው፣ በደብረ ሲና አቀበት የሚመጣውን ጉም የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። እዚህ የሚመጣበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በጸደይና በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን የባሕር ውሃ ከዳርቻው ወደ ውጭ ሲገፋው፣ ከታች ያለው ብርዳም ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ደግሞ ከዳርቻው አጠገብ የሚጀምር እጅግ ጥልቅ ሸለቆ አለ። በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ የሚያልፍ እርጥብ አየር ጉም ይሆናል፤ በስተምሥራቅ ያሉት ሸለቆዎች በፀሐይ ሲግሉ ደግሞ ጉሙን ወደ ምድር ይስቡታል። ስለዚህ ሳን ሆዜ ይበልጥ በሞቀ ቁጥር ባሕሩ ዳር ይበልጥ ጉም ይሆናል ማለት ይቻላል። እኛ ሙቀት ሸሽተን በሄድንበት ቀን የጠበቀን ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ቀኑ ነው። በነሐሴ በፔብል ቢች የ18ኛው ቀዳዳ ሣር ላይ የጥንት መኪናዎች የቁንጅና ውድድር ይደረጋል፤ ከ1950 ጀምሮ የቆየ ነገር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በዚያ ሰሞን ከየዓለሙ ሰው ይጎርፋል። እኔ አላወቅኩም። አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ ፍጥነት ተጎተትን። ሎን ሳይፕረስ የሚባለው የታወቀው ብቸኛ ዛፍ ዘንድ ስንደርስ ያየነው ነጭ ነገር ብቻ ነው። አጎቴ የልጄን የመኪና ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አጥሩን ይዘው ቆሙ። ከታች ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ሲላተም ይሰማል። "ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃል" አሉኝ እንዳላዝን ብለው። ያ ቃል ሁለት ወር ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩት፦ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ነሐሴ እንግዳ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከሄዳችሁም ከቀትር በኋላ ይሁን። መስከረምና ጥቅምት ከሁሉም ይሻላሉ፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሕዝቡም ይቀንሳል። ክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ፣ ዝናብ አለው፤ ነገር ግን በዝናብ መካከል የሚመጡት ብሩህ ቀናት እጅግ ያምራሉ፤ በስደት ላይ ያሉ ዓሣ ነባሪዎችም ከሩቅ ሲተነፍሱ ይታያሉ። ቅዳሜና እሑድን ተዉ፤ ከሥራ አንድ ቀን ፈቃድ መውሰድ ያዋጣል። ልብስን በተመለከተ፣ የትም ወር ይሁን ጋቢ ያዙ። ቀልድ አይደለም፤ ባሕር ዳር ነፋስ ላይ ለሚቀመጥ አረጋዊ ከጋቢ የሚሻል ነገር አላገኘሁም።

ሁለተኛው ጉዞ በጥቅምት፣ ረቡዕ ቀን ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወጣን። ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው ጋር ቀድሞን ሄዷል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ። ካስትሮቪል ስንደርስ ሰማዩ እንደ መስከረም ሰማይ ጠርቷል።

የባሕሩን ዳር የሚዞረው መንገድ "ሰቨንቲን ማይል ድራይቭ" ይባላል። የግል መንገድ ነው፤ ለአንድ መኪና 12 ዶላር አካባቢ ይከፈላል፣ ሰው ቢበዛም አንድ ነው ሒሳቡ። ደረሰኙን አትጣሉ፤ ግቢው ውስጥ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ 35 ዶላር ካወጣችሁ የበሩ ክፍያ ይቀነስላችኋል። በእግርና በብስክሌት የሚገባ አይከፍልም፤ ሞተር ሳይክል ግን አይገባም። በሩ ላይ ያለው ሰው እንደፈራሁት አልነበረም። ፈገግ ብሎ ካርታ ሰጠን፣ አጎቴን ደግሞ በእጁ ሰላም አላቸው።

በሮቹ አምስት ናቸው፣ የቱ እንደሚሻል የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔ ልንገራችሁ። በፓሲፊክ ግሮቭ በኩል ባለው በር ግቡ። ከዚያ ወደ ደቡብ ስትነዱ ባሕሩ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው፤ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው እንግዳ ምንም ሳይጋርደው ያያል፣ መቆሚያዎቹም በቀኝ ስለሆኑ መንገድ ማቋረጥ የለም። በመጀመሪያው ቀን በአውራ ጎዳና 1 በኩል ባለው በር ገብተን፣ አጎቴ ከእኔ ትከሻ በላይ አንገታቸውን ሲያሰግጉ ነበር የዋሉት። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ቀይ የተቆራረጠ መስመር ተከተሉ። ጫካው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሚሰጧችሁን የወረቀት ካርታ አክብሩ።

ሁሉም ቦታ መቆም አያስፈልግም። ከሽማግሌ ጋር በየአምስት ደቂቃው መውጣትና መግባት ጉልበት ይጨርሳል። እኛ አራት ቦታ ቆምን። ፖይንት ጆ ላይ ማዕበሉ ከየአቅጣጫው መጥቶ ሲጋጭ ይታያል። ድሮ መርከቦች ወደ ሞንተሬይ ወደብ መግቢያ መስሏቸው ተሳስተው ከድንጋዩ ጋር የተላተሙበት ቦታ ነው። በርድ ሮክ ላይ መጸዳጃ ቤት አለ፣ መቀመጫና ጠረጴዛም አለ፤ ቁርሳችንን እዚያ በላን። ቤት የጠቀለልኩት የጾም ፍርፍርና በፔርሙዝ የያዝኩት ሻይ ነው። ፊት ለፊታችን ያለው ቋጥኝ በወፍና በባሕር አንበሳ ተሸፍኗል፤ ጩኸታቸው እንደ ውሻ ጩኸት ነው፣ ሽታቸውም ቀላል አይደለም፤ ከነፋሱ ወዲህ ብትቀመጡ ይሻላል። ሽኮኮ የሚመስሉ እንስሳት እስከ እግራችሁ ድረስ ይመጣሉ፤ አታብሏቸው፣ ክልክል ነው።

ከመንገዱ ዳር ወደ ጫካው ለምትገቡ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚያድግ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ካያችሁ አትንኩ። ፖይዝን ኦክ ይሉታል፤ ቆዳን ለሳምንታት የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። ልጆች ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ።

ከዚህ ሁሉ አጎቴን የያዛቸው ብቸኛው ዛፍ ነው። ከባሕሩ በላይ በባዶ ቋጥኝ ላይ ብቻውን የቆመ ጥድ ነው፣ ዕድሜው ከ250 ዓመት በላይ ይገመታል። እንዳይወድቅ በሽቦ ገመድ ታስሯል። በ1984 ሰው እሳት ለኩሶበት ነበር፤ በየካቲት 2019 ደግሞ ማዕበል አንድ ትልቅ ቅርንጫፉን ገነጠለው። ቆሟል። ወደ ዛፉ መጠጋት አይፈቀድም፣ ከእንጨት የተሠራ መመልከቻ አለ፤ ወደዚያ የሚያወርደው ደረጃ ነው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከላይ ከመንገዱ ዳርም ማየት ይችላል። አጎቴ ደረጃውን ወረዱት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና፣ "ይሄ የእኛው የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ነው" አሉ። ኋላ ቤት ገብቼ ሳነብ አልተሳሳቱም፤ በአገራችን በየግቢው አጥር የምንተክለው የፈረንጅ ጥድ የተገኘው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ይህ ሞንተሬይ ሳይፕረስ የሚሉት ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው። የዚህኛው የትውልድ ቦታ ግን በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው እዚሁ ሳይፕረስ ፖይንት፣ ሌላው ከካርሜል በስተደቡብ ያለው ፖይንት ሎቦስ።

ከዚያ ወደ ሜዳው ሄድን። እዚህ ላይ በደንብ ልዘርዝር፣ ብዙ ሰው ሳይገባ የሚመለሰው እዚህ ስለሆነ ነው።

ፔብል ቢች የተከፈተው በየካቲት 1919 ነው። የነደፉት ጃክ ኔቪልና ዳግላስ ግራንት ናቸው። ሁለቱም ጎልፍ ተጫዋቾች እንጂ የሜዳ ነዳፊዎች አልነበሩም፤ ኔቪል በሙያው የመሬት ሽያጭ ሠራተኛ ነበር። ያ የባሕር ዳር መሬት ተሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ ሊሸጥ ነበር የታሰበው። ሳሙኤል ሞርስ የተባለው ሥራ አስኪያጅ ዳርቻው ለሜዳ እንዲተው ባያደርግ ኖሮ ዛሬ የምናየው የሀብታም ግድግዳ በሆነ ነበር። ብዙ ትልልቅ ውድድሮች ተደርገውበታል። ዝነኛው ጎልፍ ተጫዋች ታይገር ዉድስ በ2000 የአሜሪካን ኦፕን የተባለውን ትልቅ ውድድር በ15 ምት ልዩነት ያሸነፈው እዚህ ነው፤ በ2023 ደግሞ የሴቶቹ ኦፕን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ተደረገ።

ለመጫወት ከ600 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ቀደም ብሎ ቦታ ለመያዝ ደግሞ ግቢው ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ማደር ያስፈልጋል። ያላደረ ሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ብቻ ደውሎ ዕድሉን ይሞክራል። ለማየት ግን ምንም አይከፈልም። "ዘ ሎጅ" የሚባለው ሆቴል አጠገብ የእንግዳ መኪና ማቆሚያ አለ። መኪናችሁን አቁሙ፣ በሱቆቹ መካከል አልፉ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ውጡ። 18ኛው ቀዳዳ፣ ሜዳው የሚያልቅበት፣ ከፊታችሁ ነው፤ በስተግራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባሕር ነው። ማንም "ወዴት ነው?" ብሎ አልጠየቀንም። እኔ በነጠላ፣ አጎቴ በጋቢ።

ሁለት ሕግ አለ። ሣሩ ላይ አትግቡ፤ ሰው ሊመታ ሲዘጋጅ ደግሞ ዝም በሉ፣ ስልካችሁንም ድምፁን አጥፉ። ሦስተኛውን አጎቴ ጨመሩልኝ። ከሩቅ አንድ ሰው "ፎር!" (ኳስ መጣ፣ ተጠንቀቁ እንደማለት ነው) ብሎ ሲጮህ እጄን ይዘው ወደ ግድግዳው ሳቡኝና በሌላ እጃቸው ራሴን ሸፈኑት። ኳሷ ወደ እኛ እንኳ አልመጣችም። "ፎር ካሉ ራስሽን ሸፍኚ፣ ቀና ብለሽ አትዪ" አሉኝ። ከ60 ዓመት በፊት የተማሩት ነው። እንግሊዝኛ ከመማራቸው በፊት የሚያውቋት የእንግሊዝኛ ቃል እሷ እንደነበረች ያን ዕለት ነገሩኝ።

ከዚያ አንድ ካዲ፣ ማለትም የተጫዋች ከረጢት ተሸካሚ፣ አየን። ወጣት ልጅ ነው፤ ከረጢቱን አስቀምጦ፣ ከቀዳዳው ጀርባ በርከክ ብሎ የሣሩን ዝንባሌ በዓይኑ ይለካል። ለተጫዋቹ በጣቱ ቦታ ጠቆመው። ሰውየው እዚያው ገፋት፣ ኳሷም ታጥፋ ገባች። አጎቴ ካዲውን እንጂ ተጫዋቹን አላዩትም። "ይሄ ሙያ ነው። እኛ ዝም ብለን ተሸካሚዎች ነበርን፣ ግን እንዲህ የሚያይ አንድ ታላቅ ልጅ ነበረን፤ ፈረንጆቹ በእሱ ይጣሉ ነበር" አሉ። የገና ጨዋታንም አነሱ። በሰፈራቸው ሩሯን በጠማማ ዱላ ሲያጋጩ ያደጉ ልጆች ጎልፍ አልከበዳቸውም። ልዩነቱ፣ እዚህ ሁሉም በዝግታ መሆኑ ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ እንላለን፣ እዚህ ግን ጌታው ራሱን ነው የሚቆጣው" ብለው ዱላውን መሬት የመታ አንድ ሰው አሳዩኝ።

የካላንደሩ ሰባተኛው ቀዳዳስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳትጫወቱ አጠገቡ መድረስ አይቻልም። በሜዳው መካከል ባለው ልሳነ ምድር ጫፍ ላይ ነው። ርዝመቱ 106 ያርድ ገደማ ነው፣ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ ትልልቆቹን ያስጨንቃል። ከስቲልዎተር ኮቭ፣ ከሎጁ በታች ካለችው ትንሽ የባሕር ዳር፣ ልሳነ ምድሩን ከውሃው ማዶ ታዩታላችሁ፤ መኪና ማቆሚያው ጠባብ ስለሆነ በጠዋት ሞክሩ። ሌላም አለ። ከሎጁ ከመንገድ ማዶ ታይገር ዉድስ የነደፈው፣ በ2021 የተከፈተ "ዘ ሄይ" የሚባል ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው አጭር ሜዳ አለ፤ ዋጋው የዋናው ጥቂት ክፋይ ነው፣ ለጀማሪና ለልጆች የሚሆን ነው። ሁለተኛው ቀዳዳው የሰባተኛው ቅጂ ነው። አጎቴ እሱን ከዳር ሆነው ባዩት ጊዜ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ቅርጹስ እሱ ነው። ባሕሩ ነው የቀረው" አሉ። ስቲልዎተር ወርደን ባሕሩን ጨመርንበት። ከማዶ ያለውን ቋጥኝ እያዩ በጣታቸው በአየር ላይ ካላንደሩን ሣሉልኝ፤ ባንዲራዋ የነበረችው እዚህ ጋ፣ ቋጥኙ እዚህ ጋ፣ ማዕበሉ እዚህ ጋ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ዓይኔን ጠረግኩ።

ካርሜል ለምሳ ገባን። ትንሽዬ፣ ሥዕል የመሰለች ከተማ ናት፤ መኪና ማቆሚያ ለማግኘት ግን ትዕግሥት ትጠይቃለች። አንድ ነገሯን ወደድኩት። ቤቶቹ ለረጅም ዘመን ቁጥር ሳይኖራቸው የኖሩ ናቸው፤ አድራሻ የሚነገረው "ከዚህ መንገድና ከዚያ መንገድ ጥግ፣ በስተሰሜን ሦስተኛው ቤት" እየተባለ ነበር። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ረቡዕ ስለሆነ አጎቴ የሚበሉት ነገር ቸግሮን ነበር። ዓሣም በጾም አይበሉም። መፍትሔው በአካባቢው የሚበቅለው አርቲቾክ የሚባለው አትክልት ሆነ፤ ካስትሮቪል የምትታወቀው በእሱ ነው። በእንፋሎት የበሰለውን እዘዙ፣ ቅቤ እንዳይገባበት ንገሯቸው። የተጠበሰው ሊጡ ውስጥ እንቁላል ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ። ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገነጠሉ ሥሩን በጥርስ መላግ ነው፤ አጎቴ ጊዜ የሚወስድ ምግብ ስለሆነ ወደዱት።

የካርሜል ባሕር ዳር ነጭ አሸዋ ነው፣ በነጻ ነው። ነገር ግን ስለ ባሕሩ አጥብቄ የምለው አለ። ይህ የምጽዋ ባሕር አይደለም፣ የላንጋኖም ሐይቅ አይደለም። ውሃው በረዶ ነው፣ 13 ዲግሪ ገደማ፤ ዳርቻው በድንገት ይጠልቃል። ለሃያ ደቂቃ ጸጥ ብሎ ቆይቶ አንድ ትልቅ ማዕበል ሳይታሰብ ይመጣል፤ ከድንጋይ ላይ ሰው ጠርጎ ይወስዳል። ፎቶ ለመነሣት ብላችሁ ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ። እርጥብ ድንጋይ ላይ አትውጡ፤ እርጥብ ከሆነ ማዕበሉ እዚያ ይደርሳል ማለት ነው። ዋና የማያውቅ እንግዳ ከያዛችሁ እጁን ያዙ።

ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ የተመለስነው ወደ 9 ሰዓት ነው። ባለቤቴ የቀደመን ለዚህ ነው። በዚህች ከተማ የሕዝብ የጎልፍ ሜዳ አለ፤ የከተማው ንብረት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀዳዳዎች በዛፍ መካከል ናቸው፤ የኋለኞቹ ዘጠኙ ወደ ባሕሩ ይወጣሉ። በ1960 እነዚያን ዘጠኙን የነደፈው ራሱ ጃክ ኔቪል ነው፣ የፔብል ቢቹ። ያው ሰው፣ ያው ባሕር፣ ያው ነፋስ። ባለቤቴ የከፈለው ከ100 ዶላር በታች ነው፤ ወደ ማታ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል። ጎልፍ የሚጫወት ዘመድ ካላችሁ 600 ዶላር ከማውጣቱ በፊት እዚህ ውሰዱት። እኛ የማንጫወተው አብረን እንድንሄድ አስቀድሞ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቆ ፈቅደውለታል። ሳትጠይቁ ግን ሜዳ ውስጥ አትግቡ።

መግቢያው አካባቢ አጎቴ ቆሙና አየሩን አሸተቱ። "ባሕር ዛፍ!" አሉ። አዎ፣ ካሊፎርኒያም እንደ እኛው ከአውስትራሊያ አምጥታ የተከለችው ነው። ከተማዋ ውስጥ ከጥቅምት እስከ የካቲት ከሩቅ የሚመጡ ቢራቢሮዎች በእነዚሁ ዛፎች ላይ ተንጠልጥለው የሚከርሙበት ጥብቅ ቦታ አለ። ቅጠል አንሥተው በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ባለቤቴ አሥረኛው ቀዳዳ ላይ ተቀበለን። አጎቴ ሰላም እንኳ ሳይሉት ከረጢቱን ከትከሻው ላይ አወረዱ። ይተዉ፣ ይከብድዎታል ቢላቸው አልሰሙትም። በሁለቱም ትከሻ ማንገቻውን አስተካክለው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ከሁለት እርምጃ ኋላ ተከተሉት። ባልደረባው አሜሪካዊ ነው፣ ምንም አላለም፤ ቆቡን አወለቀላቸው። አጋዘኖች ሣሩ ላይ ተኝተዋል፣ ኳስ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጆሯቸውን እንኳ አያነሡም። ከ1855 ጀምሮ የሚበራው የፖይንት ፒኖስ መብራት ቤት ከጎናችን ቆሟል።

ከባሕሩ አጠገብ ስንደርስ ባለቤቴ መታና ኳሷ በነፋስ ተገፍታ ቀኝ ሄደች። ዳርቻው በሙሉ ሥጋማ ቅጠል ባለው፣ መሬት ለመሬት በሚሳብ ተክል የተሸፈነ ነው፤ ኳስ ከገባበት አይወጣም ይላሉ። ባለቤቴ ሌላ ኳስ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት አጎቴ፣ "ቆይ ልጄ" አሉት። ኳሷ ስትወድቅ ዓይናቸውን አልነቀሉም ነበር። ከመሬቱ ማዶ አንድ ነጭ ድንጋይ ምልክት አድርገው ይዘዋል። ወደ እሱ በቀጥታ፣ ቀኝና ግራ ሳይሉ፣ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሄዱ። ጎንበስ አሉ። ቅጠሉን በእጃቸው ጀርባ ገለጥ ሲያደርጉ ሁለት ኳስ አገኙ፤ አንዷ የሌላ ሰው፣ አሮጌ። የእኛይቱን በጋቢያቸው ጥለት ሳይሆን በመሐረባቸው አፈር እስኪለቃት ጠረጓት።

ለባለቤቴ ዱላውን የሰጡት እጀታውን ወደ እሱ አድርገው ነው። ከዚያ ዞረው ፀሐዩን አዩ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ዝቅ ብላለች፣ ጥላቸው ረዝሞ ኳሷ በምትሄድበት መስመር ላይ ወድቋል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ጎን አሉ፣ ጥላቸው ከመስመሩ ወጣ፣ ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።